ክርስትና አንሳልኝ

ሐሙስ፣ መጋቢት 4 ቀን

ለምወድህ ጋሼ፣

እንደምን ከረምክልኝ? እኔ ደህና ነኝ። መርፌውንም አቁመውልኛል። ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ አልሰጠኝም፤ «ቤትሽ ሆነሽ እረፊ» ብሎ አሰናበተኝ። ልጄ አፉን ሊፈታ ምንም አልቀረው። ጥርስ ስላበቀለ ትከሻዬን ይነክሰኛል። ሆስፒታል ስመላለስ ክርስትናው እንደዘገየ ታውቃለህ።

በስልክ ያልከኝ ግን ከሆዴ አልወጣም። «የማላምነውን አምናለሁ ብዬ ሕፃን አቅፌ አልዋሽም፤ አማኝ ፈልጊ» አልክ። አንተ ድሮም ግትር ነህ። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ስትወስደን ደጅ የምትቀር ልጅ ነበርክ። እሷ አልጋ ላይ ስትውል ግን ጀርባዋ እንዳይቆስል እያገላበጥክ የከረምከው አንተ ነህ። አማኞቹማ በር ላይ ቆመው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ሄዱ።

አማኝ አልጠፋም። የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የእህቱ ባል «እኔ አነሳዋለሁ» እያለ ይመላለሳል። ቅዳሴ አያመልጠውም። ሱቁ ውስጥ የሚያሠራትን የሙት ልጅ ግን አይተሃታል። ጆንያ ላይ ነው የምትተኛው፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ልጄን እሱ ክርስትና ካነሳው ልጁ የእሱ ይሆናል፤ ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቀዋል? አንተ አጎት ብቻ ሆነህ ብትመጣ «ከሃዲ ልጅ አያሳድግም» ብለው በር ይዘጉብሃል። የክርስትና አባቱ ከሆንክ ግን ልጅህን ብትወስድ ማንም አይከለክልህም።

ቄሱን ጠየቅኋቸው። «በሕፃኑ ፋንታ አምናለሁ የሚለው አንሺው ነው። ወንድምሽ ያምናል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ» አልኳቸው።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳታወራ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ እኔም አላምንም። ቅዳሴ ስቆም የሚንቀሳቀሰው አፌ ብቻ ነው። ልጄን ሰው እንዳይገፋብኝ ብዬ ነው የምሄደው። እስካሁን የዋሸሁለት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ አንተ ተረከበኝ።

ክርስትናው እሁድ ሳምንት ነው። ነጭ ሸሚዝ አትግዛ፣ ሰፍቼልሃለሁ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ኮሌታው ትንሽ ተጣሟል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ስፌት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።

ጤና ይስጥህ። ዕድሜም ይስጥህ፤ ማን ነው የሚሰጠኝ ብለህ እንዳትከራከረኝ። ብዙ ዕድሜ ያስፈልግሃል፣ ልጁ ገና ትንሽ ነው።

ታናሽ እህትህ