ስለ አንድ ኩባያ ውሃ የተደረገ ምርመራ

ውድ እታለም፣

ፖስታውን በሙጫ ካሸግሁ በኋላ ጠርዙ ላይ ፊርማዬን አኑሬበታለሁ። ገና ሳትከፍቺው ፊርማው ተቆራርጦ ካገኘሽው፣ ባልሽ ቀድሞሽ አንብቦታል ማለት ነው። ባልሽ ካልሆነ አማትሽ ናቸው። እሳቸውም ካልሆኑ ቄሳችሁ አባ ናቸው። “አንተ ልጅ፣ አሁንም አልተውክም?” እንደምትይ አውቃለሁ። አልተውኩም። ሰው ሁሉን ነገር በአንድ ቀን አይተውም፤ ዛሬ ይቅርታ ልጠይቅሽ፣ ጥርጣሬውን ቀስ እያልኩ አራግፈዋለሁ።

ደግሞስ ምን ላድርግ? ጫማ ፋብሪካው ውስጥ የጥራት ክፍል ከተቀመጥኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቀኑን ሙሉ ጫማ ይመጣልኛል። እገለብጠዋለሁ፣ ስፌቱን በጥፍሬ እጎትታለሁ፣ ሶሉን አጥፌ ሙጫውን አሸታለሁ። የጫማውን ደህንነት ገዢው ይየው፤ እኔ የተቀጠርኩት እንከኑን ለማየት ነው። ሠራተኞቹ “አቶ አያልፍም” ይሉኛል። ፊት ለፊቴ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን በር ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ።

አንቺ ያን ኤሌክትሪሺያን አግብተሽ፣ እናታችን ካሳደገችን የጴንጤ ጉባኤ ወጥተሽ ካቶሊክ ስትሆኚ፣ እኔም የጥራት ክፍሌን ተሸክሜ ተከተልኩሽ። መጀመሪያ ቤትሽ ስመጣ ግድግዳው ላይ አራት ሥዕል ቆጠርኩ። በሁለተኛው አምስት ሆኑ። “ይቺ አምስተኛዋ ማናት?” ስልሽ “የባሌ አክስት ልጅ ናት፣ የምረቃ ፎቶ ነው” አልሽኝ። አላመንኩሽም። ባልሽ እኛ ቤት መጥቶ የተበላሸ ሶኬት ሲጠግንልን አመስግኜ ሸኘሁትና ወዲያው ክዳኑን ፈትቼ አየሁት፤ የቅዱሳን ሥዕል ደብቆበት እንደሁ ብዬ። ያለው ሽቦ ብቻ ነበር። ሽቦ ብቻ መሆኑም ጭራሽ አላረጋጋኝም።

የእናንተም ወገን ቢሆን እግዚአብሔር ያሳያችሁ! እኔ በበሩ ስገባ አማትሽ የማርያምን ሐውልት አቅፈው ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። “ምነው እማማ?” ስላቸው “አቧራ ልጠርግላት ነው ልጄ” ይሉኛል። ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜ አቧራ! እኔ ስመጣ የሚነሳ አቧራ ምን ዓይነት አቧራ ነው? እሳቸው እኔን ሐውልት ሰባሪ አድርገው ሲጠብቁኝ፣ እኔ እሳቸውን ሐውልት ሸሻጊ አድርጌ ስጠብቃቸው፣ መሃል ላይ የሚቀዘቅዘው ሾርባው ነበር።

ያን ምሳ መቼም አትረሺውም። ማዕዱን እንድባርክ ጋበዝሽኝ። እኔም አጋጣሚውን አላባከንኩም፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ጸለይኩ። ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር ባልሽ “አሜን!” ይላል፤ አለቀልኝ ብሎ። አማትሽ ግን ሹክሹክታ አይችሉበትም።

“ይሄ ልጅ ምግቡን እየባረከ ነው ወይስ ከእኛ ላይ ጋኔን እያስወጣ ነው?”

“እማዬ፣ ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።”

“ይስማኛ! የሱን እንጀራ አልበላሁ።”

እኔም ሰምቼ ሁለት ደቂቃ ጨመርኩባቸው። ከዚያ ገና ማንኪያ ሳይነሳ ጥያቄዬን ጀመርኩ። አዋላጅ ነርስ ነሽ፤ ስንት ልጅ በእጅሽ ያልፋል። “ክሊኒክ ውስጥ የሰው ልጅ ደብቀሽ አጥምቀሽ ታውቂያለሽ?” አልኩሽ።

“ደብቄ አላውቅም” አልሽኝ። “ሕፃን ሊሞት ሲል እናቲቱ ከለመነችኝ ግን አደርገዋለሁ።”

“ቄስ ሳትሆኚ?”

“ጭንቅ ሲሆን ቄስ አይጠበቅም። ማንም ይችላል።”

“ማንም ማለት?”

“ማንም ማለት ማንም! አንተም ብትሆን።”

“በጸበል ነው?”

“በተራ ውሃ። ሦስት ጊዜ ራሱ ላይ ታፈሳለህ፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ ትላለህ፣ አለቀ። አሁን ልብላ?”

አላስበላሁሽም። ውሃው ስንት መሆን አለበት፣ ቢሞቅስ፣ ቢቀዘቅዝስ፣ ምስክር ያስፈልጋል ወይ እያልኩ እንደ ጠበቃ ነጥብ በነጥብ አወጣጣሁሽ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥ ነበር። እሷን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? መዘምራን ውስጥ ናት።

ከዚያ ልጄ ሰባት ወር በቅጡ ሳይሞላው ቸኩሎ መጣ። ተሲያት ላይ ነበር። ስልክ ሲደወልልኝ እየፈተሽኩት የነበረውን የግራ እግር ጫማ እንደያዝኩ ክሊኒካችሁ ድረስ ሮጥኩ። ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች።

“ኧረ እንኳን መጣህ ወንድሜ! አይተርፍም ተብሎ ነበር እኮ።”

“ነበር?”

“አሁንማ ኦክስጅኑ ገብቶለታል። ቅድም ግን ሲስተር ኩባያ ውሃ ይዛ ስትገባ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ‘በአብ በወልድ’ ሲባል ሰማሁ። እሰየው አልኩ፤ እኔም ካቶሊክ ነኝ።”

ለአንድ ጫማ ማሰሪያ ሦስት ጥያቄ የምጠይቅ ሰው፣ “ድምፁ የማን ነበር?” ብዬ አልጠየቅኳትም። ለምን ልጠይቅ? ድምፁ የአንቺ እንዲሆን የምፈልገው እኔው ነበርኩ። ስንት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት እንከን ኮሪደር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

የጋውንሽ እጅጌ ርሶ ወጣሽ።

“ውሃ አፍስሰሻል?” አልኩሽ።

ወደ ኋላሽ ዞረሽ ገርበብ ያለውን በር አየሽው። ዘጋሽውና “ልጅህ ይተነፍሳል” አልሽኝ።

“እሱን አልጠየቅኩሽም!”

እታለም፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በገዛ እጄ ስጽፈው እንኳ የሌላ ሰው ቢሆንልኝ እመኛለሁ። ልጅህ ይተነፍሳል ላለችኝ ሴት “እሱን አልጠየቅኩሽም” አልኳት።

“አፍስሰሻል ወይስ አላፈሰስሽም?”

“ያደረግኩትን እግዚአብሔር ያውቃል።”

እኔም ያልካደ አመነ አልኩና፣ ሐኪሙ፣ አስታማሚው፣ መወልወያዋን የተደገፈችው ሴትዮ ሁሉ እየሰሙ፣ የያዝኩትን ጫማ ሶል ወደ አንቺ ቀስሬ “ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ልጄን እንዳይነካ!” ብዬ ጮህኩ። ልጄን ከሁሉ ቀድማ የተቀበለችው ያቺው እጅ ነበረች።

በነጋታው ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አራት ገጽ ሪፖርት አቀረብኩ። ጸሐፊያቸው እኔ ስለሆንኩ ለራሴ አቅርቤ ለራሴ ፈረምኩ። “የታየ”፣ “የተሰማ”፣ “የተጠረጠረ” የሚሉ ሦስት ክፍሎች ነበሩት፤ ሦስተኛው ሁለት ገጽ ተኩል ፈጀ። መጋቢው አንብበው ሲጨርሱ “ልጁ ደህና ነው?” አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ግን የነገሩ ክብደት ገብቶታል፤ “ይህ ልጅ አድጎ፣ አምኖ ሲጠመቅ አንደኛው ነው የሚባለው ወይስ ሁለተኛው?” ብሎ ጠየቀ። በዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ የሴቶች ኅብረት ተጠሪዋ እትዬ “ውሃ አይደል እንዴ? እስካሁን ደርቋል፤ ተነሱ ሻይ እንጠጣ” አሉ። ይህንንም በቃለ ጉባኤው “የመንፈሳዊ ቸልተኝነት ምልክት” ብዬ መዘገብኩት።

አንቺ ሥራሽን ቀይረሽ ሌላ ከተማ ሄድሽ። ባልሽ ከመሄዳችሁ በፊት በራችን ድረስ መጥቶ “ሰውዬ፣ አንተ ሃይማኖት የለህም፤ ያለህ ማኅተም ነው” አለኝ። እኔም “ማኅተም የሌለው ዕቃ አይታመንም” ብዬ መለስኩለት። በዚህች መልሴ አንድ ዓመት ሙሉ ስኮራ ኖሬያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ እንደ ፊተኛው ሊቸኩል ይችላል፣ አትነሺ፣ አትሸከሚ ብሏታል። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፤ ከጉባኤያችን አንዲት አዋላጅ አገኘሁና ስለ ጥምቀት፣ ስለ ቅዱሳን፣ ስለ ሥዕል ሁለት ሰዓት ጠየቅኳት። ስለ ማዋለድ መጠየቄን አላስታውስም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ።

“አገኘሁልሽ! ያለፈች ናት።”

ባለቤቴ የሕፃን ልብስ እያጠፈች ነበር። ቀናም አላለች። “እህትህ ካልመጣች የትም አልሄድም” አለችኝ።

“ልጃችንን ተደብቃ ያጠመቀችዋ?”

“እሷ አላጠመቀችውም።”

“ማስረጃ አለኝ እኮ።”

“እኔ ነኝ።”

“ምኑ?”

“ውሃውን ያፈሰስኩት። ከንፈሬ ደርቆ ውሃ ስጪኝ ስላት አመጣችልኝ። ልጁን ደረቴ ላይ አስተኝታ ኦክስጅን ልታመጣ በኋለኛው በር ሮጠች። ብቻዬን ቀረሁ። ልጁ ጠቆረ። እያየሁት ጠቆረ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ፣ መዝሙርም ሞከርኩ፤ ከዚያ ‘ማንም ይችላል’ ያለችህ ትዝ አለኝ።”

“መቼ ነው ያለችኝ?”

“አንተ አይደለህ እንዴ ምሳ ከልክለህ ያወጣጣሃት! ስንት ጊዜ፣ ምን ተብሎ፣ በምን ዓይነት ውሃ... አንድ ሳታስቀር አስተማርከኝ።”

ተቀመጥኩ። ወንበሩ ላይ አልነበረም። “ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?” አልኳት ከወለሉ ላይ።

“ስትጮህባት ሰማሁና ከአልጋ ልወርድ ስል ገባች። ‘ተኚ፣ ደም እየፈሰሰሽ ነው’ አለችኝ። ልንገረው ብላት እምቢ አለች። ‘ይሄን እኔ እሸከመዋለሁ። እኔ እህቱ ነኝ፤ ሊፈታኝ አይችልም’ አለችኝ።”

“እፈታሻለሁ ብለሽ ፈራሽ?”

“መፍታቱንስ እንጃ። ሪፖርት ትጽፍብኛለህ ብዬ ግን ፈርቻለሁ።”

እታለም፣ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ምን እንደመጣብኝ ልንገርሽና ታዘቢኝ። “ይህች እህቴ ሁለት ዓመት ተኩል ዝም ያለችው ምን ፈልጋ ነው?” አልኩ። እውነቴን ነው። በአንቺ ቦታ ብሆን ምስክር ቆጥሬ፣ ደብዳቤ በትኜ፣ አገር ይያዝልኝ ባልኩ ነበር። ዝምታሽን እንደ ጫማ አገላበጥኩት። ስፌቱን በጥፍሬ ጎተትኩት፣ አጥፌ አሸተትኩት፣ ሁለት ቀን ሥራ ፈትቼ እንከን ፈለግሁበት። አጣሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንከን የሌለው ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግበት አልተማርኩም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ “ሪፖርቴ ሐሰት ነው፣ እህቴ ልጄን አላጠመቀችም፤ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩ።

“ታዲያ ማን አጠመቀው?” አሉ መጋቢው።

“አልናገርም።”

“አታውቅም ወይስ አትናገርም?”

“አልናገርም።”

ያ አንደኛና ሁለተኛ ሲል የነበረው ሽማግሌ ብድግ አለ፤ “ይህ ነገር ያጠራጥራል! ቤቱ ውስጥ ካቶሊክ አስገብቶ ይሆናል፤ ይጣራ!” አለ። ድምፁ ቁርጥ የእኔን ይመስላል፤ እንዲህ እንደሚያስጠላ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እስክናገር ድረስ ከጸሐፊነቴ አነሱኝ። ባለቤቴን አሳልፌ ከምሰጥ እንደተነሳሁ ብቀር ይሻለኛል። ስምሽን ግን በደንብ አጽድቼዋለሁ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር አድርጌአለሁ። ይህን ደብዳቤ ባልሽ ቢያነበው ግድ የለኝም፤ ለአባ ግን አታሳዪብኝ፣ አሸነፍን እንዳይሉ።

ለእኔ ብለሽ አትምጪ። ለእሷ ብለሽ ነዪ፤ ሐኪሙ ከዚህ ወር አያልፍ ይሆናል ይላል፣ እሷም ሌላ እጅ አልፈልግም ብላ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ዘግተሽኝ ብትከርሚም አልቀየምም። አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ሻንጣሽን ተሸክሜ ከኋላሽ እሄዳለሁ፤ ሻንጣውንም አልከፍተውም።

ስለ ጥምቀት የማምነው አንድ ነጥብ እንኳ አልተነቃነቀም፤ ሰው አድጎ፣ አምኖ፣ ጠልቆ ነው የሚጠመቀው። ይህን የምጽፍልሽ ተሸነፈ እንዳትይኝ ነው። ነገር ግን እንደ ፊተኛው ያለ የጭንቅ ቀን ከመጣና እናንተ ሁለታችሁ ውስጥ ካላችሁ፣ እኔ ውጭ እሆናለሁ። በሩን ከውስጥ ቆልፊው። እሷ የምትለምንሽን አንቺ ታውቂያለሽ፣ የምታደርጊላትንም አንቺ ታውቂያለሽ። ስትወጪ አልጠይቅም።

ይህችን አንዲት ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። በአራቱም ላይ “አልጠይቅም” ካልኩ በኋላ “ምናልባት አንድ ነገር ብቻ” የሚል ይከተላት ነበር። በዚህኛው ላይ እስካሁን አልተከተላትም። ሳይመጣብኝ ቶሎ ልፈርም።

ወንድምሽ