የህዳር ጽዋ

ህዳር 2፣ ጠዋት

ጌሾው አልተወቀጠም። ጋኑ አልታጠበም። ዛሬ ካልጠነሰስኩ ለሚካኤል የሚደርስ ጠላ የለም። ከነጋ ጓዳ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የያዝኩት ሥራ የለም።

ጽዋው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ይመር ያስቀመጠው ቦታ። የጥቅምት ሚካኤል ዕለት ከማኅበር ተቀብሎ በነጠላው ሸፍኖ አመጣው። ህዳር የኛ ወር ነው፣ ሁልጊዜም። በሳምንቱ ባሌን ቀበርኩ።

ሲቀበል ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ የተናገረው ከጆሮዬ አልወጣም። "ብኖር በእጄ፣ ባልኖር በቤቴ።" ለወግ ያህል የሚባል ነው ይለኛል ልጄ ዳዊት። ይመር ለወግ ብሎ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም።

የአሥራ ሁለቱ ቀን ፍትሐት ትናንት አለፈ። አርባው ገና ነው። አርባው ሳይወጣ ጠላ ጠመቀች ቢሉኝስ? ካልጠመቅኩ ደግሞ ቤቱ ቃሉን በላ ማለት አይደል? ማስታወሻዬ፣ አንተ ምን አለብህ። የጻፉብህን ተሸክመህ መተኛት ነው።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ጠነሰስኩ!

ጎረቤቴ ዘይነባ እንደ ሰሞኑ ልታጽናናኝ መጣች። ጭንቀቴን ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ፣ "አብሽሪ አስካለ፣ የጠላችሁን ነገር እኔ አላውቅም። የይመር ቀሪቦ ግን እንዳይቀርብኝ" አለች። ከቀብር ወዲህ ገና ያኔ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ለቅሶ መጣ።

ይመር በየዓመቱ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የማያሰክረውን ቀሪቦ ለብቻው ያስጠምቅ ነበር። ሁለቱንም ጋን በወይራ የሚያጥነው ራሱ ነው። ያን የሚያህል ሹፌር ግቢ ውስጥ አጎንብሶ ጭስ ሲጠጣ አላፊ አግዳሚው ይቀልድበታል። እሱ እቴ። የሚካኤል ጋን ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ዛሬ የጠላውን እኔ አጠንኩ። ዓይኔ ተቃጠለ። ይብቃው አይብቃው አላውቅም። ጓዳ ደብቄ በሱ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት።

ህዳር 5

ብቅሉን ጨመርኩ።

ዳዊት ከኮምቦልቻ ደወለ። እሁድ መጥቶ ሊወስደኝ ነው። ለቤቱ ተከራይ አግኝቷል። የደሴ ብርድ ለጉልበቴ እንደማይሆን፣ እነሱ ጋ ሙቀቱ እንደሚሻለኝ ነገረኝ። እሺ አልኩ፣ እሺ፣ እሺ። ስለ ጋኑ ትንፍሽ አላልኩም። ስንቱን ተማሪ ያንቀጠቀጥኩ መምህርት፣ ልጄን ፈርቼ።

ከወረድኩ ይህ ቤት የሌላ ሰው ነው። "በቤቴ" ያለው እንግዲህ የትኛውን ቤት ነው?

ወደ ኮምቦልቻ መውረጃው ሐረጎ ትዝ አለኝ። ይመር ያን ቁልቁለት በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወርድም ነበር። ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ያማትባል፣ ከዚያ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተሳፋሪውን ያያል። "ቢስሚላህ" የሚለውም፣ "በስመ አብ" የሚለውም ሳይጨርስ ሞተር አያስነሳም። ረዳቱ ቢቆጣ፣ ወረፋ ቢያልፍ ግድ የለውም። ጾም ሲሆን ሹፌሮቹ ምሳ ሲበሉ እሱ መኪናውን ያጥባል። ቁጣም ነበረበት። ጎማ ሲተነፍስ የሚናገረውን ቅ/ሚካኤል ይቅር ይበለው። ናፈቀኝ፣ ስድቡም ጭምር።

ህዳር 8

ጋሽ አበጋዝ መጣ፣ የማኅበሩ ሹም። የፈራሁት ነው። ተመካክረው የዘንድሮውን ህዳር እሱ ቤት ሊያደርጉት ወስነዋል፣ ሐዘንተኛ ላለማስቸገር። ጽዋውን ሊወስድ ነው የመጣው።

እየተናገረ አፍንጫው ሠራ። ለካ ቤቱ ጌሾ ጌሾ ይላል፣ እኔ ለምጄው ኖሯል። ሲኮርጅ እንደተያዘ ተማሪ መሬት መሬት አየሁ።

ወደ ጓዳው አየ። ከዚያ ተነሣ። "እኛስ ልናሳርፍዎ ብለን ነበር" ብሎ ጽዋውን ሳይነካ ወጣ። እንመጣለንም አላለ፣ አንመጣምም አላለ። ባይመጡስ? ያን ሁሉ ጠላ፣ ያን ሁሉ ዳቦ ይዤ ብቻዬን ስቀመጥ ታየኝ።

ህዳር 10፣ እሁድ

ዳዊት የጭነት መኪና ተከራይቶ መጣ። ዕቃ ሊያወጣ ጓዳ ገባ። ብርድ ልብሱን ሲገልጥ ሰማሁ። ጩኸቱን ጠበቅኩ።

ማን አጠነው አለኝ። እኔ አልኩ። ከረጢት ላይ ቁጭ አለና የልጁን የሶልያናን ነገር ነገረኝ። በየወሩ በሚካኤል ማግስት አያቷ የማኅበሩን ዳቦ በመሐረቡ ጠቅልሎ ይወርድላት ነበር። ዛሬ ጠዋት አባቷ ሲወጣ የሚካኤሉን ዳቦ ልታመጣልኝ ነው ወይ ብላዋለች። ሐረጎን እስኪወጣ ድረስ ሲያለቅስ መጣ።

መኪናውን ባዶውን መለሰው። ኮቱን አውልቆ የቀሪቦውን ጋን አጠነ። ሲያስል እንደ አባቱ ነው። ከደጅ ቆሜ ማየት አልቻልኩም፣ ገባሁ።

ከሚካኤል በኋላ ግን እንወርዳለን አለ። የዳቦውን ዱቄት መንፋት ጀመርኩ።

ህዳር 12፣ ጠዋት

ህዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው፣ ሰዉ ቆሻሻውን ያቃጥላል። የኛን ግቢ ጠርጎ ዳዊት አቃጠለ። ዳቦው ተቀምጧል። ቅዳሴ ወጥቷል መሰለኝ። ማንም አልመጣም። ዘይነባ በር ላይ ቆማለች፣ ማን ዘብ እንዳቆማት እንጃ። አሁንም ማንም የለም። አምላኬ፣ አታሳፍረው። እኔን ተወኝ፣ እሱን አታሳፍረው። ዘይነባ እየጠራችኝ ነው

ህዳር 13፣ መናኸሪያ

መጡ። ሁሉም። በሕመም ከቤት የማይወጡት ሳይቀሩ ተደግፈው መጡ። ጋሽ አበጋዝ ይመር ይቀመጥበት የነበረው ቦታ አስቀመጠኝ። እነ ዘይነባ በጓሮ በኩል ቀሪቧቸውን ጠጡ፤ ጭሱ በዝቷል ብላ ዳዊት ላይ አሾፈች።

ጽዋው ለታኅሣሥ ተረኛ ሲሰጥ፣ ለከርሞ ህዳር በይመር ቦታ ማን ይቆማል ተባለ። ዳዊት አየኝ። ተነሣሁ። ጉልበቴ አልቆረጠመኝም፣ ወይም ረሳሁት።

"ብኖር በእጄ፣ ባልኖር በቤቴ" አልኩ።

ዳዊት አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ወደ ደጅ ወጣና ለተከራዩ ደወለ። ቤቱ አይከራይም።

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ። ሻንጣ አልያዝኩም። ዳቦው ጭኔ ላይ ነው፣ በሱ መሐረብ። ሶልያናን አቅምሼ ማታ እመለሳለሁ።

ሞልቷል። ሹፌሩ ገና ልጅ ነው፣ ማንም ሳያማትብ፣ ማንም ቢስሚላህ ሳይል ሞተሩን አስነሣ። ልጄ፣ አንዴ አጥፋው አልኩት። ዞሮ እያየኝ ነው። ሁሉም እያየኝ ነው። አጠፋው። እንግዲህ በስመ አብ