ስምንተኛው መሥራች

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1936 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ዛሬ የለችም፤ መንገድ ሲሰፋ በልቷታል። ገና ተማሪ ሳሉ እጅ ጽሑፋቸው በማማሩ የሰፈሩ ማመልከቻ ሁሉ በእሳቸው ይጻፍ ጀመር። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው።

በ1955 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው በውሃ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ወንበር አልተነሡም። በ1961 ዓ.ም. ከእናታችን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1963 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሥራ ሲወጡ መሄጃ ያጡ ስምንት ጓደኛሞች በአያታችን ልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ተሰብስበው ዛሬ ሁላችሁም የምታውቁትን ክበብ መሠረቱ። ያለው ወንበር ስድስት ስለነበር ሁለቱ ጣቃ ላይ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ ሲባል ጣት ሁሉ ወደ አባታችን ተቀሰረ። እሳቸውም በዚያ በሚያምር ጽሑፋቸው «የተገኙ አባላት፣ ሰባት» ብለው ስም ዘረዘሩ። የሚጽፈውን ሰው አልቆጠሩትም። ጸሐፊ ራሱን አይጽፍም የሚል የመዝገብ ቤት ትሕትና ነበረባቸው፤ እናታችን ግን እስከ ዛሬ ሞኝነት ነው የሚሉት።

ከተማው ሲያድግ ክበቡም አደገ። ከጓዳ ወደ ኪራይ ቤት፣ ከኪራይ ቤት ወደ ራሱ አዳራሽ ገባ፤ የቢሊያርድ ጠረጴዛ መጣ፣ አጥር ታጠረ፣ በሩ ላይ ጥበቃ ቆመ። በሠላሳኛው ዓመት በዓል የመሥራቾች ሰሌዳ በእብነ በረድ ተቀርጾ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ከመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ የተገለበጡ ሰባት ስሞች ነበሩ። አባታችን ሁለት ጊዜ አንብበው «ፊደሉ ጥሩ ተቀርጿል» አሉና ወደ ቤት መጡ። ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ከዚያ ወዲያ ስማቸው እንዲጨመር ሃያ ዓመት ሙሉ አመለከቱ። ኮሚቴው «ጋሼ፣ እኛማ እናውቃለን፤ መዝገቡ ነው የማያውቀው» ይላቸዋል። ማስረጃ ሲጠየቁ ያላቸው ያው መዝገብ ነው፣ በገዛ እጃቸው የተጻፈው። ከሰባቱ በሕይወት የቀሩት የጥርስ ሐኪሙ ቀርበው «አብሮን ነበር እንጂ፤ እኔና እሱ ነን ጣቃው ላይ የተቀመጥነው» ብለው መሰከሩ። ኮሚቴው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈው። ሐኪሙ ስብሰባው ሳይደርስ አረፉ። «ለሚቀጥለው ተላልፏል» የምትለዋን የጻፉትም አባታችን ናቸው፤ ሌላ ጸሐፊ አልነበረማ።

አባታችን በኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። ትናንት ከክበቡ የመጣው የአበባ ጉንጉን «ለውድ ጸሐፊያችን» ይላል።

ሆስፒታል ሳሉ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ሲያዙኝ አንድ አደራ ብቻ ሰጡኝ፦ «የቀሩትን ስትዘረዝሪ ራስሽን እንዳትረሺ።»

ባለቤታቸውን፣ አራት ልጆቻቸውን፣ ከአራቱም ይህን የጻፍኩትን እኔን ሁለተኛዋን፣ እንዲሁም ዘጠኝ የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት የኮሚቴ አባላት፦ በዚያ እሑድ የተገኙት ስምንት ነበሩ። መዝገብ ይቅረብ ካላችሁ፣ ይኸው ታትሞ በእጃችሁ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጸሐፊውም በሚቆጠርበት መዝገብ ላይ ያስፍርልን።