በሰልፍ የመረጥንሽ ዕለት

ውድ ዋኬሾ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ወር እናቴን ቀበርናት። ዘጠና አንድ ዓመቷ ነበር። ልጅሽ ደውላ አጽናንታኛለች፤ ጉልበትሽ አሞሽ ሞምባሳ መቅረትሽንም ነግራኛለች። እግዜር ይማርሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ እናቴ ሞት ብቻ አይደለም። ከዚያች ከላክሽልኝ አንድ ደብዳቤ ወዲህ መልስ የነፈግሁሽ ሰው ነኝና እስከ መጨረሻው ታግሰሽ አንብቢኝ።

ስድስተኛ ክፍልን ታስታውሺዋለሽ? ያንቺንና የእኔን ክፍል የለየው ጣውላ ብቻ ስለነበር አንቺ ስታስተምሪ የእኔም ተማሪዎች ይሰሙሻል። አንድ ቀን «መንግሥት ማለት ምንድን ነው?» ብለሽ ጠየቅሽ።

«መንገድ ሲበላሽ የሚሰደብ ነው» አለች አንዲት ልጅ።

በሁለቱም ክፍል ሳቅ ሆነ። አንቺ አልሳቅሽም። «ጥሩ ጀምረሻል። ማን ነው የሚሰድበው?»

«አባቴ።»

«ደጅ ወጥቶ?»

«ኧረ ቤት ውስጥ ነው፣ በሩን ዘግቶ።»

«እንግዲህ አባትሽ በሩን ከፍቶ ሲሰድብ፣ ስድቡም ሰሚ ሲያገኝ፣ ያ ዴሞክራሲ ይባላል። ጻፉ» አልሻቸው። የእኔዎቹም ሳላዛቸው ጻፉት።

የምሳ ሰዓታችንም ትዝ ይለኛል። የተቀቀለ ካሳቫ በሳህን መሃላችን አድርገን አቮካዶው ዛፍ ሥር እንከራከር ነበር። አክስትሽ ታንዛኒያ፣ ድንበር ማዶ፣ በጋራ እርሻ ውስጥ ስለሚኖሩ አንቺ ለሶሻሊዝም ጠበቃ ነበርሽ። «የጋራ ላም አላቢ የላትም» እልሻለሁ። «የግሏንስ ወተት ማን ይጠጣዋል? ባለቤቷ ብቻ» ትዪኛለሽ። እኔ «ጓድ ዋኬሾ» ስልሽ አንቺ ደግሞ «ባለ አንድ ፍየሉ ካፒታሊስት» ትዪኝ ነበር፤ በእውነትም ከአንዲት ፍየል በቀር ምንም አልነበረኝም። በዕድሜዬ ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ፤ ተሸንፌ ደስ ያለኝ ግን ካንቺ ጋር ብቻ ነው።

ለምክር ቤት እወዳደራለሁ ያልሽኝም እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ባለ ሎሪው ምዋዲሜ ወንበሩ ላይ አሥር ዓመት ተቀምጦ፣ ሴቶቹ ዛሬም ውኃ ከገደል ሥር ተሸክመው ይወጣሉ አልሽ።

«ስንት ሰው ይመርጠኛል ትላለህ?»

«እኔና እናቴ አለንልሽ» አልኩሽ። ሳቅሽ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

የዚያን ዓመት የድምፅ መስጫ ወረቀት ቀርቶ በሰልፍ ይሁን ተባለ። የመረጥሽውን ሰው ተከትለሽ ሜዳ ላይ ትቆሚያለሽ፤ ሹሙም፣ አሠሪሽም፣ ጎረቤትሽም ያዩሻል። ይህ ከመሆኑ ሁለት ወር በፊት ለልጆቹ ያልሽውን በጣውላው በኩል ሰምቼሻለሁ፤ «ድምፅ በምስጢር የሚሰጠው ለፈሪ ሲባል ነው። ፈሪም ዜጋ ነው።» ስለ እኔ እንደምትናገሪ ያኔ አላወቅሁም።

ቆጣሪ ሆኜ ስመደብ ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም። ቆጣሪ አይሰለፍም። ከማንም ጋር ሳልጣላ ይህቺን ቀን አለፍኳት ብዬ ነበር።

በዚያ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ሜዳ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል። ከምዋዲሜ ኋላ ሾፌሮቹ፣ ጫኞቹና ባለሱቆቹ ቆሙ። ካንቺ ኋላ ሴቶቹ ያገለደሙትን ካንጋ ወገባቸው ላይ አጥብቀው ቆሙ፤ ሰልፉ ሜዳው አልበቃው ብሎ አጥሩ ጋ ሲደርስ ተጠማዘዘ። እያንዳንዱን ትከሻ እየነካሁ ቆጠርኩ። ሴቶቹም አብረውኝ ጮክ ብለው ይቆጥሩ ነበር። እናቴ ጋ ስደርስ «እኔን ደግሞ እንዳትዘለኝ» አለችኝ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት» አልኩ ትከሻዋን ይዤ።

ያንቺ ሰልፍ ሦስት መቶ ስድሳ አራት ሰው ነበር። የምዋዲሜ መቶ ዘጠና።

ከዚያ የምርጫው ኃላፊ ስድስተኛ ክፍል፣ ያንቺው ክፍል ውስጥ አስጠራኝ። ወረቀቱ ተሞልቶ ተቀምጧል። ቁጥሮቹ የእኔው ናቸው፤ ስማችሁ ግን ተቀያይሯል።

«ጌታዬ፣ ይኼ ተዛብቷል» አልኩት።

«አልተዛባም፣ መምህር። ሁለት ልጆች አሉህ አይደል? ሰሜን በረሃው ላይ መምህር ጠፋ እያሉ ነው።» አልተቆጣም፤ እንዲያውም ድምፁ እንደ ዘመድ ነበር። ብዕሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አቀበለኝ። «አላስገድድህም። ካልፈለግህ የሚፈርም ሌላ ሰው አለ።»

ይህንን የመጨረሻውን ቃል ልብ በይልኝ፣ ዋኬሾ። እምቢ ብል ሌላ ሰው ይፈርም ነበር፤ አንቺም ያው ትሸነፊ ነበር። እጄ ግን የእኔ ትሆን ነበር። ፈረምኩ። በጓሮ በር ወጣሁ።

ውጤቱ ሲነበብ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ሴቶቹ ሰልፋቸውን ሳያፈርሱ በቆሙበት መሬት ላይ ተቀመጡ። አንቺ ብቻ ቆመሽ ቀረሽ።

ያን ቀን እናቴ ከካሳቫና ከባቄላ የተሠራ ኪማንጋ አቀረበችልኝና «ስንተኛ ነበርኩ?» አለችኝ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛ።»

«እሺ፣ ብላ» አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ዳግመኛ አላነሳችውም።

በሦስተኛው ሳምንት ሥራሽን ለቀሽ ወደ ወንድምሽ ወደ ሞምባሳ ሄድሽ። እናቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘችሽ፤ እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። በዓመቱ ደብዳቤሽ መጣ። «ሁሉም ሲያጎነብስ ቀና ብለህ ለቆምከው ወዳጄ» ይላል መጀመሪያው። አውቃለች፣ ትሳለቅብኛለች ብዬ አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ምስጢራዊው ድምፅ ከአራት ዓመት በኋላ ሲመለስም አልጻፍኩልሽም። ልጆች «መምህር፣ ምርጫ ተሰርቆ ያውቃል?» ሲሉኝ «በሌላ አገር» እያልኩ ጡረታ ወጣሁ።

እናቴ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን እማማ ምጎይ ለቅሶ ሊደርሱኝ መጡ። ያን ዕለት ከእናቴ ቀጥሎ የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሳያቸው አልቻልኩም። «እማማ፣ ያን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«እናውቃለን ልጄ። በመስኮት አይተንሃል።»

«ታዲያ ለዋኬሾ ማን ነገራት?»

«ማንም። እናትህ አውቶቡሱ ጋ ‹ልጄ አሻፈረኝ አለ፤ የፈረመው ሌላ ሰው ነው› አለቻት። እኛም እዚያው ቆመን ዝም አልን።»

«እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?»

እማማ ምጎይ ነጠላ ጫማቸውን አስተካከሉ። «ልጅቷ ሁላችንንም ጠልታ እንዳትሄድ ብለን ነዋ። አንድ ሰው እንኳ ይትረፍላት አልን።»

ሲሄዱ ደብዳቤሽን ከሣጥን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ስላቅ የለበትም። የምርሽን ነበር የጻፍሽልኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የሌለ ሰው ወዳጅሽ አድርገሽ ኖረሻል፤ እኔም በሕይወት ያለሽውን አንቺን ስሸሽ ኖሬያለሁ።

እናቴ ይህን ምስጢር ይዛው ልትቀበር ፈልጋ ነበር፤ ፈቃዷን ማፍረሴ ነው። ልጅሽ ግን በስልክ «እናቴ ስለ እርስዎ እየነገረች ነው ያሳደገችኝ» ስትለኝ ወሬውን ወደ ጉልበትሽ አዞርኩት። እባክሽ እውነቱን አስቀድመሽ ንገሪያት። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኜ መቀመጥ አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ከቮይ ጣቢያ ወደ ሞምባሳ ባቡር እሳፈራለሁ። ይቅር በዪኝ ልልሽ አይደለም የምመጣው፤ ያን ቀን አጥሩ ጋ ቆሜ ያልመጣሁትን መንገድ ልመጣልሽ ነው። በሩን ባትከፍቺልኝ አልቀየምሽም። ደጅሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

የፈረምኩት እኔ፣
ምንጃላ