ሳያስፈቅዱ የማይቆርጡት የእጅ ሥራ መምህር የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩም ተማሪውም «ጋሼ ሙጫ» እያለ የሚጠራቸው ውድ ወንድማችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት በስተጀርባ በነበረችው አንዲት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። አባታቸው ደህናውን ጣውላ ማንም እንዲነካባቸው ስለማይወዱ ወንድማችን እጃቸውን የፈቱት በቁርጥራጭ ነው። በሰባት ዓመታቸው የሠሯት በርጩማ አንድ እግሯ አጥሮ ስለምትወዛወዝ፣ እናታችን የሚቀመጡባት በእግራቸው መሬቱን ተደግፈው ነበር። ሌላ ቢመጣላቸውም እምቢ አሉ። ዕቃ አለመጣል በቤታችን በዘር የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛም ተመርቀው፣ በ1967 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ማደሪያው ጎን ባለው ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። የቅጥር ደብዳቤው «የእጅ ሥራ መምህር» ይበል እንጂ የእጅ ሥራ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። የተሰጣቸው የተሰበሩ ዴስኮች የሚቆለሉበት ክፍል፣ ሁለት መጋዝ፣ እንጨት አጥብቆ የሚይዝ አንድ ሞርሳና ጥርሱ ያለቀ ሞረድ ነው። ዴስኮቹን ጠግነው ለሌሎች ክፍሎች አስረከቡ፤ በተረፈው እንጨት መደርደሪያ ሠሩ፤ ክፍልም ሆነ።

በ1973 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት ከሚሠሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎ የሚስቁ ሴት ናቸው፤ ሁለቱም ጸባይ ለዚህ ትዳር አስፈልጓል።

ትምህርት ቤቱ ለክፍሉ ቁሳቁስ ማቅረብ ስላልቻለ፣ ወንድማችን በ1979 ዓ.ም. በተማሪዎቻቸው እጅ ለየቤቱ ደብዳቤ ላኩ። የተረፈ ጨርቅ፣ የጣውላ ቁራጭ፣ ሽቦ፣ የልብስ ቁልፍ፣ ካርቶን ካላችሁ ለልጆቹ ላኩልን የሚል አጭር ደብዳቤ ነበር። ሰጪውን ለማመስገን ብለውም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት በክር ማሰር ጀመሩ። «ዳቦ ጋጋሪው፣ ሁለት የዱቄት ከረጢት» ይላል አንዱ። «የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ አንድ ሣጥን ባዶ ጠርሙስ» ይላል ሌላው። ሰው ራሱን እዚያ ተጽፎ ሲያይ ደስ አለው፤ ዕቃ የተሸከመ ሰልፍ እስከ ግቢው በር ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መቼም አይረሱም። ከዱቄት ከረጢቱ ሽርጥ፣ ከሽቦው የልብስ መስቀያ፣ ከካርቶኑ ሙሉ ከተማ ተሠራ። ወንድማችን ያን ጊዜ እያፏጩ ነበር ወደ ቤት የሚገቡት።

ነገር የተበላሸው በካፖርት ነው። የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ሚስት፣ ባላቸው ባረፉ በዓመቱ፣ የሟቹን ካፖርት አጥፈው ይዘው መጡ። ወረቀት ታሰረለት። አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጅጌውን ቆርጣ ቦርሳ ሰፋችበት። በሳምንቱ ሴትዮዋ ካፖርቱን ሊያዩ ብቅ ቢሉ፣ አንድ እጁን አጥቶ ተሰቅሎ አገኙት። ወንድማችን «የሰጡን እንዲቆረጥ አይደለም ወይ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሴትዮዋ የተማሪ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ «አውቃለሁ ጋሼ፣ እንዲቆረጥ ነው የሰጠሁት። ሲቆረጥ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም» አሉ። ልጅቷ ቦርሳዋን ክር በክር ተረተረችው። እጅጌው ተመልሶ ተሰፋ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድማችን አንድ ሕግ አወጡ። ሰጪው እንደገና ተጠይቆ እሺ ካላለ በቀር መቀስም መጋዝም ዕቃውን አይነካውም። ደግ ሐሳብ ነበር፤ ጉዱን ያመጣውም ደግነቱ ነው። ለካ ሰው የሰጠውን ነገር «ልቁረጠው?» ተብሎ ሲጠየቅ እንደ አዲስ ይወደዋል። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ሰባራ ወንበሩ ሲጠየቅ «አባቴ እኮ ይቀመጡበት የነበረ ነው፤ እስቲ ትንሽ ይቆይ» አለ። የላውንደሪው ባለቤት መጋረጃዋን በዓይኗ ሳታይ እንደማትወስን ተናገረች፤ አይታም አልወሰነችም። እንዳይቆረጥበት የፈለገ ሁሉ ደግሞ ዕቃውን ወደ ቤቱ አይወስድም። ቤቱ ውስጥ ቦታ የለማ! እንዲያውም ሌላ ይጨምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ዕቃውን ሊጠይቅ ይመጣ ጀመር።

መደርደሪያው ሞላ፣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ሞርሳው ከመጋረጃ ክምር ሥር ጠፋ። ተማሪዎቹ መቁረጥንም መስፋትንም በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ተማሩ። ከሁሉ አብልጠው የሚችሉት ግን ወረቀት በክር ማሰር ነበር፤ በዚህስ የሚስተካከላቸው አልተገኘም። ክፍሉ አልበቃ ሲል ትርፉ ወደ ቤት መጣ። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ስድስት በር ተደግፎ ሲያዩ «አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው ያለን መጋዘን?» ብለው ጮኹ። ወንድማችንም በሮቹ የእነማን እንደሆኑ አንድ በአንድ አስረዷቸው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸውም ከደሙ ንጹሕ አይደለችም። የእናታቸውን አረንጓዴ ሹራብ ለክፍሉ ሰጥታ፣ ሲጠይቋት «ወንድም ጋሼ፣ የኔን እንኳ ይተዉት፤ ከሌላ ሰው ይጀምሩ» ብላቸዋለች። «ሁሉም እኮ እንደዚሁ ነው የሚለኝ» አሏት። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ይሁን እንጂ ክፍሉን እንዲረከብ የተላከ መምህር ሁሉ አንድ ጊዜ አይቶ ስለሚሸሽ፣ ያለ ደመወዝ ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ2016 ዓ.ም. አዲሷ ርዕሰ መምህርት ወደ ክፍሉ ሊገቡ ሞክረው መሐል ላይ መንገድ አጡ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ጋሼ፣ ልጆቹ የሚቆሙበት እንኳ የለም እኮ። በዚህ መንፈቅ አንድ ነገር ሠርተው ካላሳዩኝ ክፍሉን ለኮምፒውተር እሰጠዋለሁ፤ ምን ላድርግ?» አሉ። ወንድማችን በዚያ ክፍል አርባ ዘጠኝ ዓመት አስተምረዋል። የሰጪዎቹን ዝርዝር የጻፉበትን ደብተር ይዘው፣ በሚያማቸው ጉልበት፣ ዘጠና ሰባት ቤት ዞሩ። በሦስት ሳምንት ያገኙት ፈቃድ ለአንድ ከረጢት የልብስ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም ሰጪዋ መስጠታቸውን ጭራሽ ስለረሱት። ቁልፍ ደግሞ አይቆረጥም።

በመጨረሻ ጨከኑ። አንድ ሰኞ ጠዋት ሠላሳ ሁለት ተማሪዎችን ግቢው ውስጥ ሰበሰቡ፤ ጨርቅ ከመሩ፤ መቀስ አደሉና «በሉ ቁረጡ» አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ልጅ በጨርቁ ላይ የታሰረውን ወረቀት አንብባ «ጋሼ፣ ባለቤቱ እሺ ብለዋል?» ስትል ጠየቀቻቸው። ይህን እንድትጠይቅ ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ውሸት አይሆንላቸውም። መቀሶቹን መልሰው ሰበሰቡ፣ ሣጥን ውስጥ ከተቱ፣ ልጆቹን ወደ ክፍላቸው ሰደዱ። ቤት ሲገቡ ምሳ ቀርቦላቸው አልበሉም።

ከአሥር ቀን በኋላ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያዘውና ሆስፒታል ገቡ። እሳቸው ተኝተው ሳሉ መንፈቁ አለቀ። ርዕሰ መምህርቷ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ አንድ ሳምንትም ጨምረው ታገሡ። እህታቸው ደብተሩን ይዛ በስልክ ያገኘችውን በስልክ፣ ያላገኘችውን በር አንኳኩታ «እባካችሁ ሐሙስ መጥታችሁ ዕቃችሁን ውሰዱ» አለች። ፀጉር አስተካካዩ «የቱን ወንበር?» ሲል ጠየቃት። የላውንደሪው ባለቤት መጋረጃው የእሷ መሆኑን ተጠራጠረች። የሹፌሩ ሚስት ካረፉ ቆይተዋል። በቀጠሮው ሐሙስ የመጣው ሰው አራት ነው። የሠላሳ ሰባት ዓመት ልገሳ በሁለት የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደ። እህታቸው ካፖርቱን ልታወጣ እጇን ብትሰድ አንድ ሙሉ ቁም ሣጥን ተጫነበት። የተሳካላት የእናቷን ሹራብ ማውጣት ብቻ ነው። ከሰጪዎቹ ሁሉ የራሷን አትርፋ መመለሷ እስከ ዛሬ ያሳፍራታል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ንግግራቸው ቢተሳሰርም የሚጠይቁት በየቀኑ አንድ ነገር ስለሆነ ትረዳቸዋለች። «ልጆቹስ?» አሏት። «እየቆረጡ ነው» አለች፤ ከየት እንደመጣላት አታውቅም። ወንድማችን ዓይናቸውን ገለጡ። «ማን ፈቀደ?» «ሁሉም፣ ወንድም ጋሼ። ሁሉም እሺ አሉ።» በደህናው እጃቸው እጇን ጨብጠው አለቀሱ። ከዚያም እያንዳንዱን ሰጪ አመስግኝልኝ፣ ቃል ግቢልኝ አሏት። ሌላ ምን ማድረግ ትችላለች? ቃል ገባች።

ወንድማችን ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው፣ በ2017 ዓ.ም. ማክሰኞ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለነፍሳቸው ሰፊና ብርሃን የሞላበት ቦታ ይስጥልን፤ ለእኛም ለቀረነው መጽናናቱን አይንሳን።

በመጨረሻም፣ ለሟች የተገባ ቃል ነውና፣ በዚህ ለቆማችሁ ሁሉ የአደራ ምስጋናቸውን እናደርሳለን። እሳቸው እውነት መስሏቸው ሄደዋል፤ ውሸቱ የእህታቸው ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት፣ የላውንደሪው ባለቤት፣ በደብተሩ ያላችሁ ዘጠና ሰባቱም ቤቶች፣ ታናሽ እህታቸውም ጭምር፤ ልጆቹ እንዲቆርጡ ስለፈቀዳችሁላቸው ወንድማችን አመስግነዋችኋል።