ከውሃው ሥር የተወለዱት አቶ ቆይ

አቶ ቆይ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። የተወለዱበት የድንጋይ ቤት ዛሬ ከግድቡ ውሃ ሥር ነው። ዘመኑን ጽፎ ያስቀመጠ ስለሌለ ይህን ካጻፈችው ታላቅ እህታቸው በስድስት ዓመት ያንሳሉ ማለት ይበቃል። እህታቸው ዕድሜዋን አትናገርም።

በስምንት ዓመታቸው ግድቡ ሲሞላ ቤተሰቡ ዕቃውን ተሸክሞ ኮረብታው ላይ ወጣ። ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ፤ እሱንም በመስኮት ውሃውን ሲያዩ ነው የጨረሱት።

በሃያ ዓመታቸው የመስኖ በር ከፋች ሆነው ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም አገለገሉ። ገበሬው ክፈት ባላቸው ቁጥር “ቆይ” ስለሚሉ ስማቸው በዚያው ቀረ። በየማለዳው የውሃውን ልክ አይተው፣ ዳክዬዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ ይቆጥሩ ነበር። ሊዝናና የመጣ ሰው ሲንጫጫ እንቁላል የታቀፉትን ወፎች በጣታቸው አሳይተው ዝም ያሰኙታል።

የጀልባ ቲኬት ቆራጯን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። ከዚያ በፊት በየእሑዱ ቲኬት እየገዙ ጀልባ ላይ ሳይወጡ መመለሳቸውን ያላየ አልነበረም።

ዝናብ በጠፋበት ዓመት ውሃው ጎድሎ የቤታቸው ደጃፍ ሊወጣ አንድ ክንድ ቀረው። እህታቸው የእናቷን ደጃፍ አንዴ ረግጣ እንድትሞት፣ ውሃው እንዲጎድል በሩን ለጥቂት ቀን ከፈት እንዲያደርጉላት ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የቀረው ውሃ ለችግኙና ለዓሣው ነው ብለው ዘጉት። ልበ ድንጋይ ብላቸው አራት ዓመት አኮረፈቻቸው። ዝናቡም መጣ፤ ደጃፉ ሳይታይ ቀረ።

አምና ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጡ ቢከለክልም እህታቸውን አስጠርተው፣ ልጃቸው እየቀዘፈ ወደ ውሃው መሃል ወሰዷት። ጀልባዋ ቆመች። ከሥር አንድ የነጣ ነገር፣ ግድግዳ ይሁን ዓሣ ሳይለይ፣ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል።

“እትዬ፣ ያኔ ቢደርቅ የምታዪው ፍርስራሽ ነበር። ውሃው ውስጥ እስካለ ግን ቤት ነው” አሏት።

መልስ አጥታ የማታውቀው እህታቸው ያን ቀን ዝም አለች።

አቶ ቆይ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ከውሃው ላይ ሳይነሳ አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህች አፈኛ እህታቸው ቀርተዋል። እሷም ያልመለሰችውን ዛሬ በሰው ፊት ትመልሳለች፦ ልክ ነበርክ፣ ወንድሜ።

ፈጣሪ በሩ ላይ “ቆይ” ሳይላቸው ነፍሳቸውን ይቀበል።