የሄስተር ቋጠሮ

ውድ እህቴ ሄስተር፣

ቋጠሮሽ አልተፈታም ነበር። አንቺ ብታውቂውም ከሁሉ በፊት ይህን ልጻፍ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ መንደር የሣር ጣሪያ ልትከድኚ ስትሄጂ፣ ከጣሪያችን ክፈፍ ሥር ባለው ወፍራም እንጨት ዳር የተከፈተውን ስንጥቅ እንድደፍን ኖራ በጥብጠሽ ሰጠሽኝ። "ዊልፍ፣ ሲሚንቶ እንዳታስጠጋ! ይሄ ቤት አራት መቶ ዓመት የቆመው እንጨቱ ስለሚተነፍስ ነው" አልሽኝ። ኖራው እስኪጠነክር ግን ሳምንት ሙሉ በእርጥብ ጆንያ እየሸፈኑ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ኳስ ነበረኝ። ጋራዥ ውስጥ የተረፈ ሲሚንቶ አገኘሁ፤ ለጠፍኩና በላዩ ኖራ ቀባሁ። ስትመለሺ አየሽው። "አንተ ሰነፍ፣ ለካ እጅህ ወርቅ ነው!" ብለሽ ጸጉሬን አመሰቃቀልሽው። እኔም ሳቅሁ።

ባለፈው መጋቢት የራሳችንን ጣሪያ ልታድሺ ወጣሽ። እንደ ልማድሽ መሰላሉን አያታችን እዚያው እንጨት ላይ በመቱት ቆልማማ ብረት ላይ አሰርሽው። እንጨቱ ከላይ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ውሃው ከሲሚንቶዬ ጀርባ ታፍኖ ውስጡን አበስብሶታል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመሰላሉ ጋር ወድቀሽ ያገኘሁሽ እኔ ነኝ። ብረቱ አጠገብሽ ወድቋል፤ ገመድሽ እንደታሰረ ነው፤ ጫፉ ላይ የሻገተ እንጨትና የእኔ ሲሚንቶ ተጣብቋል። አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጣ ገመዱን ከመሰላሉ በኩል ብቻ ፈትቼ ብረቱን ከነቋጠሮሽ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት።

በቀብርሽ ዕለት፣ ሙያውን ያስተማሩሽ ሽማግሌ ሚስተር ኮቦልድ "ጎበዝ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ መሰላሏን አላሰረችም" አሉ። ሰምቼ ሻዬን ጠጣሁ።

ትናንት አባባ ወጥ ቤት ተቀምጦ "ለምን አላሰረችም? ችኩል አልነበረችም እኮ" አለኝ። ወጥቼ ብረቱን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። መጀመሪያ የነካው ቋጠሮሽን ነው።

"አስራለች" አለ። ቆይቶ ሲሚንቶውን አየ። "ይሄስ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

ተነሥቶ ወጣ። የሚመለስ አልመሰለኝም። ሲመለስ የኖራ ባልዲሽን ይዟል፤ እግሬ ሥር አስቀመጠው። ፊቴን አላየም። "የበሰበሰውን እኔ ቆርጬ እተካለሁ። ስንጥቁን አንተ ትደፍናለህ። መጀመሪያ ግን ኮቦልድ ዘንድ ሂድ፤ በራስህ አፍ ንገረው።"

ሄጄ ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ። "እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላገኘሁት ሁሉ እነግራለሁ" አሉኝ፣ "አስራ እንደነበር።"

ቅዳሜ ኳስ አለ፤ አልሄድም። ጆንያውን አርጥቤ ሳምንቱን ሙሉ እጠብቃለሁ።

ቋጠሮሽን የደበቀው ወንድምሽ፣
ዊልፍ